«ዶላር ጨመረ» ሲባል እኛ ቤት ምን ይገባል? የኢኮኖሚ ዜናን ከጎጃም ሆኖ ለማንበብ

ሬዲዮው «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» ይላል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ግን ዘይቱም ሽንኩርቱም አልቀነሰለትም። አንዱ «ውሸታም ሁላ!» ብሎ ሬዲዮውን ይዘጋል። ሌላው «ይኼ ለተማረ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ብዙ ጊዜ ዜናውም አልዋሸም፣ ገበያውም አልዋሸም። የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ይህ መመሪያ ኢኮኖሚክስ ላልተማረ ሰው ነው። ለሚያርስ፣ ለሚነግድ፣ በወር ደመወዝ ለሚኖር። አንድ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተርና ትንሽ ተጠራጣሪነት ይበቃል። ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ግሽበቱና ዶላሩ ላይ ብዙ እንቆያለን። አንዳንዱን ቶሎ እናልፈዋለን።

ደረጃ 1፦ ማን አለ? መቼ አለ?

በቴሌግራም የሚዞር የዋጋ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ቀን የለውም። የአምናው የነዳጅ ዋጋ ዘንድሮ «ሰበር ዜና» ተብሎ ሲመለስ አይታችሁ ይሆናል። ቀን የሌለው ቁጥር ደብተራችሁ ውስጥ አይግባ።

ከዚያ የወሬውን ባለቤት ፈልጉ። ግሽበትን በየወሩ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ወለድ፣ ብድርና ምንዛሪ የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ነው። የነዳጅ ዋጋን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያሳውቃል። በጀትና ግብር ከሆነ ገንዘብ ሚኒስቴር፤ ሕግ ሆኖ ከጸደቀ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣው አዋጅ። አክሲዮን ከሆነ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን። ቲክቶክ ላይ የሚጮኸው ልጅ ከእነዚህ አንዱንም ካልጠራ የሰማችሁት አስተያየት ነው። አስተያየት መስማት ነውር የለውም። ብቻ በአስተያየት በሬ አይሸጥም።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። እኛ «የ2017 በጀት ዓመት» የምንለውን የውጭ ድርጅቶች «2024/25» ብለው ይጽፉታል። ተቻኩሎ የተተረጎመ ጽሑፍ «በ2017» ሲል የእኛን ይሁን የፈረንጁን ካልለያችሁ፣ ንጽጽሩ ሰባትና ስምንት ዓመት ይስታል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ሦስት ነገር ጠይቁት

ከስንት ወደ ስንት? ከመቼ ጋር ተነጻጽሮ? ለስንት ሰው ተካፍሎ?

የመጀመሪያውን በምሳሌ እንየው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች በዓመት የሚሰጡት ብድር ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። በታኅሣሥ 2017 ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። አንዱ ጋዜጠኛ «በ4 ጨመረ» ይላል፤ ሌላው «በ29 በመቶ ገደማ አደገ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከ14 ወደ 18 አራት የመቶኛ ነጥብ ነው። አራት ደግሞ የ14 ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ «በመቶ» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትደንግጡ፣ አትፈንድቁም። መነሻውንና መድረሻውን ጻፉ።

ይህ ዜና ጎጃም ድረስ መንገድ አለው። ታኅሣሥና ጥር ላይ እህል የሚሰበስበው ነጋዴ በአብዛኛው በብድር ነው የሚገዛው። ባንኩ ብድር ሲያጠብቅ አውድማ ድረስ የሚመጣው ገዢ ሊያንስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ በሱፍና ከረቫት የተነገረ ቁጥር ፍኖተ ሰላም ላይ የበቆሎ ዋጋ ሆኖ ይወርዳል ማለት ነው።

«ለስንት ሰው?» የሚለው ቢሊዮን ሲጠራ የሚጠቅም ነው። በሐምሌ 2016 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይ.ኤም.ኤፍ የሚባለው፣ ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። የአራት ዓመት ፕሮግራም ነው። ለአራት ስታካፍሉት በዓመት 850 ሚሊዮን ይሆናል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲደለደል በነፍስ ወከፍ በዓመት 8 ዶላር ተኩል አይሞላም። አንድ ጊዜም አይመጣም፤ ግምገማ እየታየ በየክፍሉ ነው የሚለቀቀው። በዚያ ላይ ብድር ነው፣ ይከፈላል። ገንዘቡ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። «ገንዘብ ጎረፈ» የሚለው ርዕስ ግን በካልኩሌተር ሲነካ ልኩን ያገኛል።

ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት መቶኛም እዚሁ ላንሳው። መንግሥት በ2016 በጀት ዓመት ኢኮኖሚው 8.1 በመቶ አደገ ብሏል። እንዲህ ያለው ቁጥር የአገሪቱ ምርት ሁሉ ድምር ነው። ሕዝቡም በየዓመቱ ስለሚጨምር የነፍስ ወከፉ ዕድገት ከዚያ ያንሳል። የእናንተ ጓዳ ድምሩ ውስጥ አንድ ነጥብ ናት። እኔ እዚህ ዜና ላይ ብዙ አልቆይም። ለኪስ የሚቀርበው ቀጣዩ ነው።

ደረጃ 3፦ ግሽበትን ከዋጋ ለዩ

ሁሉም የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ። ግሽበት ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ራሱ አይደለም።

አንድ ቤት በወር 1,000 ብር አስቤዛ ይገዛ ነበር እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ግሽበቱ 20 በመቶ ሆነ። ያው አስቤዛ 1,200 ብር ገባ። በሁለተኛው ዓመት ግሽበቱ ወደ 15 በመቶ «ቀነሰ»። አሁን 15 በመቶው የሚሰላው በ1,200 ላይ ነው፤ 1,380 ብር ይመጣል። ዜናው እውነት ነው፣ ግሽበቱ ቀንሷል። እናንተም እውነት ናችሁ፣ 180 ብር ጨምራችኋል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ማርሽ ቢቀንስም አቀበቱን እየወጣ ነው። ቁልቁል ጀመረ የሚባለው ግሽበቱ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ያ ደግሞ በእኛ አገር ብርቅ ነው።

በ2014 የአገሪቱ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በሰኔ 2016 ከ20 በታች ወረደ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ማጣጣል አይገባም። ያም ሆኖ በ2014 የተሰቀለው ዋጋ አልወረደም፤ አዲሱ ጭማሪ የመጣው በእሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዜናው ውስጥ ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ አጠቃላይ፣ ምግብ፣ ምግብ ነክ ያልሆነ። አጠቃላዩን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ የምትኖር መምህርት ከደመወዟ አብዛኛውን ለምግብና ለኪራይ ታወጣለች። ቢቸና አካባቢ ያለ ገበሬ ጤፍ አይገዛም፣ ይሸጣል። እሱን የሚመለከተው ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ ማዳበሪያ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ቅርጫት፣ ማለትም ዋጋቸውን የሚከታተላቸው ዕቃዎች ዝርዝር፣ የሁሉንም አማካይ ይይዛል። አማካይ ሰው ደግሞ የትም ቀበሌ አልተመዘገበም።

ስለዚህ የራሳችሁን ቅርጫት ሥሩ። እንዲህ ነው፦

ቤታችሁ ዘወትር የሚገዛቸውን አሥር ነገሮች ጻፉ። በየወሩ በተመሳሳይ ሳምንት፣ በተመሳሳይ ሱቅ ወይም ገበያ ዋጋቸውን መዝግቡ። መለኪያው አይለዋወጥ። አንዱን ወር በኪሎ፣ ሌላውን በጣሳ ከጻፋችሁ ዋጋው ቆሞ ስፍሩ ነው የሚያታልላችሁ። ደረጃውም አይለወጥ፤ ነጭ ጤፍ ከነጭ ጤፍ፣ ሠርገኛ ከሠርገኛ ጋር ይነጻጸር። ዘይቱ አምስት ሊትር ከሆነ ሁልጊዜ አምስት ሊትር። ድርጅቶች ዋጋ ሳይጨምሩ እሽጉን የሚያሳንሱበት ጊዜም አለ፤ ግራሙን ማንበብ ነው።

ከዚያ የዘንድሮውን ጥር ከአምናው ጥር ጋር አወዳድሩ። ጥርን ከነሐሴ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። አዝመራ ሲገባ እህል ይረክሳል፤ ክረምት ላይ ጎተራው ሲጎድል ይወደዳል። በሁዳዴ እንቁላልና ቅቤ ገዢ ያጣሉ፤ የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ አትንኩኝ ይላሉ። ይህ የዘመኑ ዑደት እንጂ ግሽበት አይደለም። «ዋጋ ወደቀ» የሚል ዜና ታኅሣሥ ላይ ከሰማችሁ፣ አምናም ታኅሣሥ ላይ ወድቆ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ቁጥሩን ኪሳችሁ ላይ አሳርፉት። ቅርጫታችሁ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምርና ደመወዛችሁ 10 በመቶ ቢያድግ፣ እድገት አገኛችሁ ብለው እንኳን ደስ ያላችሁ ይሏችኋል። ግን አምና የገዛችሁትን ያህል አትገዙም። ቁጠባም እንዲሁ ነው። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ሒሳብ 10,000 ብር ዓመቱ ሲሞላ 10,700 ይሆናል። አምና በ10,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ግን በ15 በመቶ ግሽበት 11,500 ገብቷል። 800 ብር ጎደለ። ባንክ አታስቀምጡ ማለቴ አይደለም፤ ፍራሽ ሥር የተደበቀው ብር 1,500 ነው የሚጎድለው።

ደረጃ 4፦ የዶላሩን መንገድ ተከተሉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የምንዛሪ ዜና የየዕለት ቁርስ ሆኗል።

መጀመሪያ አንድ የቁጥር ወጥመድ። ዶላር ከ57 ወደ 114 ብር ቢደርስ፣ «ዶላር በ100 በመቶ ጨመረ» ማለት ይቻላል። «ብር በ50 በመቶ ተዳከመ» ማለትም ይቻላል። ያው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ከዶላሩ ወገን፣ ሌላው ከብሩ ወገን ሆኖ ያየዋል። ማስፈራራት የፈለገ መቶውን ይመርጣል፣ ማረጋጋት የፈለገ ሃምሳውን። እናንተ 57ን እና 114ን ጻፉ።

ሁለተኛ፣ የተጠራው ዋጋ የመግዣ ነው የመሸጫ? የየትኛው ባንክ? ወይስ የጥቁር ገበያ? ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ሰው የሚያየው የባንኩን መግዣ ነው። ዕቃ አስመጪ የሚያየው መሸጫውንና በላዩ የሚጨመረውን የአገልግሎት ክፍያ ነው። እነዚህን ማደባለቅ የብዙ ክርክር ምንጭ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ዶላሩ በየትኛው በር ነው ወደ እኛ የሚገባው? ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ስልክ፣ የዘይት ጥሬ ዕቃ ከውጭ ይመጣሉ። ድንች ግን ከእንጅባራ ማሳ ነው የሚወጣው። በርበሬ ከቡሬ። እነዚህን ዶላር የሚነካቸው በዙሪያ ነው፤ በማመላለሻው፣ በማዳበሪያው፣ በፀረ ተባዩ። ስለዚህ ነጋዴው «ዶላር ጨምሮ ነው» ብሎ የድንች ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲያጥፍ፣ «ድንቹ በዶላር ነው እንዴ የተቆፈረው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በሌላ በኩል ብዙ የውጭ ዕቃ ከሐምሌ 2016 በፊትም በጥቁር ገበያ ዶላር ተተምኖ ነበር የሚሸጠው። የባንኩ ዋጋ እጥፍ ሲሆን የሱቁ ዋጋ ሁሉ እጥፍ ያልሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥትም እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ባሉት ላይ ለጊዜው ድጎማ አድርጓል።

ማዳበሪያን ለብቻ እንየው፤ ለጎጃም ከዶላር ዜና ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዩሪያ በዓለም ገበያ የሚመረተው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ ይወደዳል። በዶላር ይገዛል፣ በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ገበሬው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የዩክሬን ጦርነት ዜና፣ የጅቡቲ ዜና፣ የምንዛሪ ዜናና «መንገድ ተከፈተ» የሚለው ዜና ለጎዛምን ገበሬ አንድ ዜና ናቸው።

ለዚህ የራሴ መለኪያ አለኝ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ አለብኝ? ለሒሳቡ ያህል ብቻ የገመትኩትን ቁጥር ልጠቀም። አምና በቆሎ 4,000 ብር፣ ዩሪያ 6,000 ብር ነበር እንበል። አንድ ኩንታል ተኩል በቆሎ ነው። ዘንድሮ በቆሎ 5,000 ገባ፣ ዩሪያ 9,000። ዜናው «የበቆሎ ዋጋ በ25 በመቶ አደገ፣ ገበሬው ተጠቃሚ ሆነ» ይላል። ዩሪያው ግን አሁን 1.8 ኩንታል በቆሎ ይጠይቃል። ገበሬው ብዙ ብር ቆጥሮ ትንሽ ማዳበሪያ ነው የገዛው። ይህችን አንዲት ቁጥር በየዓመቱ የሚጽፍ ገበሬ ከብዙ ተንታኝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በብር ያበጠ ቁጥርንም እንዲሁ ፈትሹት። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ። እጥፍ ማለት ነው። የመጀመሪያውን በ57 ብር አካፍሉት፤ 17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል። ሁለተኛውን እሱ ሲጸድቅ በነበረው ምንዛሪ፣ በ135 ብር ገደማ፣ አካፍሉት፤ 14.3 ቢሊዮን። ደመወዝና የአገር ውስጥ ወጪ በብር ስለሆነ በዶላር ብቻ መለካትም ሙሉ እውነት አይደለም። ሁለቱንም አስሉና ጎን ለጎን አስቀምጡ። «እጥፍ ሆነ» የሚለውን ርዕስ ያኔ በልኩ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ፣ መንገድና «ለማን?» የሚለው ጥያቄ

ኢትዮጵያ ነዳጇን ከውጭ ታስገባለች። የችርቻሮ ዋጋውን መንግሥት ይወስናል። ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት የተጀመረው በሐምሌ 2014 ነው። በጥር 2017 የቤንዚን ዋጋ በሊትር 100 ብርን አለፈ። ቤንዚን ሲጨምር የባጃጁ ታሪፍ ይጨምራል፤ ያን ሁሉም ያያል። ናፍጣውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዋናው ግን ናፍጣው ነው። የጭነት መኪናው፣ ትራክተሩ፣ መብራት ያልደረሰበት ወፍጮ ሁሉ በናፍጣ ነው። ሁለት ቁጥር ሲነበብ ናፍጣውን ጻፉ።

ከዚያም ማደያው ላይ አለ ወይ? ማደያው ባዶ ከሆነ የሚኒስቴሩ ዋጋ ለእናንተ ወረቀት ነው። እውነተኛው ዋጋ መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጠው ይሆናል። በዜናው ዋጋና በጄሪካኑ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ዜና ነው። ሲሰፋ አቅርቦቱ እየጠበበ ነው፤ ሲጠብ እየላላ ነው።

አሁን «የጤፍ ዋጋ ጨመረ» የሚለውን እንውሰድ። ወዲያው «ለማን?» በሉ። ከደጀን፣ ከአማኑኤል፣ ከቢቸና የሚወጣው ጤፍ ብዙው አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ዋጋው አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ገበሬው ተጠቀመ ለማለት መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ይጠፋና ይወደዳል፤ እዚህ ገዢ ይጠፋና ይረክሳል። የአገር አቀፉ አማካይ ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል። ያ ቁጥር የሁለቱንም ሰው ኑሮ አይናገርም።

ስለዚህ የሁለቱን ከተማ ዋጋ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ልዩነቱ ከመኪናው ጭነት፣ ከኬላው ክፍያና ከነጋዴው መጠነኛ ትርፍ በላይ ከሆነ መሐል ላይ አንድ ነገር ታንቋል። መንገድ ነው? ነዳጅ ነው? ወይስ ጥቂት ነጋዴዎች ተስማምተው ነው? ይህን ሳታውቁ «ገበሬው ነው ያስወደደው» የሚል ከተሜም፣ «ከተሜ ምን አለበት» የሚል ገበሬም አትሁኑ። የእህል ሻጭ ቤት ሳይቀር ክረምት ሲገባ እህል ገዢ ይሆናል። መጋቢት ላይ ለማዳበሪያና ለዕዳ የሸጠውን ነሐሴ ላይ በውድ የሚገዛ ስንቱ ነው!

ደረጃ 6፦ ተፈረመ ወይስ ተመረተ?

የኢንቨስትመንት ዜና በደረጃ ይመጣል። ስምምነት ተፈረመ። የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደረሰ። ተመረቀ። ማምረት ጀመረ። ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋና ሥራ የሚለወጠው መጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። በመሐል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሌላው «አቅም» የሚባለው ነው። በ2013 ቡሬ ላይ የተመረቀው የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮ ነበር። አቅም ማለት ጥሬ ዕቃውም፣ መብራቱም፣ ምንዛሪውም ሲሟላ ሊመረት የሚችለው ነው። የማንኛውም ፋብሪካ የዕለት ምርት ሌላ ቁጥር ነው። ጋዜጠኛው አቅሙን ከነገራችሁ፣ «ባለፈው ወር ስንት አመረተ?» የሚለውን ቀጣይ ዜና ጠብቁ። ለገበሬው ደግሞ «ጥሬ ዕቃውን ከማን ይገዛል?» የሚለው ይበልጣል። ከውጭ ካመጣ የዶላር ዜና ነው። ከአካባቢው አኩሪ አተርና ኑግ ከገዛ የእናንተ የዘር ምርጫ ዜና ነው።

ደረጃ 7፦ የግብሩን ዜና በራሳችሁ ደመወዝ አስሉት

በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ብዙ ሰው የሰማው ይህን ብቻ ነው። የ8,000 ብር ደመወዝተኛን እንውሰድ። በቀድሞው ስሌት 1,445 ብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ከዚያ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር፣ የቀረው 1,000 በ25 በመቶ 250 ብር። ድምሩ 1,150። በወር 295 ብር ተረፈው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት አለ። «ደመወዜ ቢጨምር ከፍ ያለ እርከን ገብቼ ሁሉም ይበላል» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ከፍተኛው መቶኛ የሚነካው ከእርከኑ በላይ ያለችውን ብር ብቻ ነው። የታችኛው እንደነበረ ይቆያል።

295 ብሩን አሁን ወደ ደረጃ 3 ውሰዱት። ይህ ሰው 7 በመቶ ጡረታውም ተቆርጦ እጁ የሚገባው 5,995 ብር ነበር። 295 ብር የዚያ 5 በመቶ ገደማ ነው። ቅርጫቱ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ከጨመረ የግብር ቅናሹ ዓመት ሳይሞላ ተበልቷል።

ደረጃ 8፦ ዜናው «ገንዘብ አምጡ» ሲል

እስካሁን ያለው ማንበብ ብቻ ነበር። ይኼኛው ብር የሚያስወጣ ስለሆነ ጠንከር እንበል።

በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ 300 ብር። ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ነው። ስለዚህ «የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ለሕዝብ ተሸጠ» የሚል ካያችሁ ልክ አይደለም። የቀረበው 10 በመቶ፣ የተሸጠው 1 በመቶ ገደማ። የቀረበና የተሸጠ፣ የተፈቀደና የተለቀቀ፣ የታቀደና የተሰበሰበ፦ እነዚህን መለየት ልማድ ይሁን።

በጥር 2017 ደግሞ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የኩባንያውን ሒሳብና ስጋት የሚዘረዝረውን ሰነድ ጠይቁ። «ደንበኛ ሳቢ መግለጫ» ይሉታል። ስሙ ማስታወቂያ ቢመስልም ዋናው ጥቅሙ ስጋቱን መንገሩ ነው። የስጋቱን ክፍል ቀድማችሁ አንብቡ። ትርፍ ለመክፈል ቃል የተገባ ነገር አለ ወይስ «ካተረፈ» ይላል? አክሲዮኑን መሸጥ ብፈልግ ለማን፣ እንዴት? ለሦስት ዓመት የማትፈልጉት ገንዘብ ካልሆነ፣ የማዳበሪያ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ብር ከሆነ፣ ይቅርባችሁ።

ባንክ ስለመክሰር ወሬ ስትሰሙ ደግሞ ይህን እወቁ። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሰው በተለያየ ባንክ ቢያስቀምጥ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ከዚህ ውጭ ስልክ ላይ የሚመጣው አለ። «10,000 ብር አስገባ፣ በሳምንት 10 በመቶ ታገኛለህ፣ ሰው ስታመጣ ኮሚሽን አለህ።» አምጪው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። ካልኩሌተሩን አውጡ። በሳምንት 10 በመቶ፣ ትርፉ ተደምሮ እንደገና ቢሠራበት፣ በ52 ሳምንት 10,000ው ወደ 1.4 ሚሊዮን ብር ያድጋል። በእርሻም፣ በንግድም፣ በባንክም እንዲህ የሚያስገኝ ሥራ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚከፈላቸው ከኋላ በመጡት ብር ነው። «እኔ ተቀብያለሁ እኮ!» የሚለው ዘመዳችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የተቀበለው ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ፈቃድ አለን ካሉ የፈቃዱን ወረቀት ሳይሆን የሰጪውን መሥሪያ ቤት ስም ጠይቁ። ባንክ ወይም የማይክሮፋይናንስ ተቋም ከሆነ ብሔራዊ ባንክ፣ አክሲዮን ከሆነ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን። ከዚያ እነሱ የሰጧችሁን ስልክ ትታችሁ፣ በመሥሪያ ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ስልክ ደውሉ። የንግድ ፈቃድ ብቻ ካሳዩ፣ የንግድ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያስችልም። «ዛሬ ካልገባህ ነገ ይዘጋል» ካሉ ደግሞ ይዝጉት።